ሰባት ቤት

«ቀለበቱ ይቆይ፤ ሰባት ቤት ቁጠራ»
አሉኝ እትዬ አንጓች፣ የእናትነሽን ነገር ገና ሳወራ።
«የሷ ወገን ከደሴት፣ ያንተም ከባሕሩ ዳር፣
አንድ ውሃ ነው የጠጣችሁት፤ ማን ያውቃል የደምን ነገር?»

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሲሚንቶ በጫነች የሞተር ጀልባ፣
ደብተርና እስክሪብቶ፣ አንድ እስር ጧፍ ይዤ ሄድሁ
ካባቶቼ ደጅ ልገባ።

አንደኛው ቀላል ነው። አባቴ። እኔው ነኝ ያሠራሁት፣
ነጭ ሴራሚክ፣ ፎቶ በመስታወት።
ዝናብ ገብቶበት አንድ ዓይኑ ደብዝዟል፤
ባንዱ ግን አሁንም «ስንት አወጣህ?» ይለኛል።

ሁለተኛው አያቴ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በሚስማር የተጻፈ፣
«ዐረፈ» ለማለት «ዐፈረ» ብሎ ያለፈ።
ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንም አላረመው፤
በምን እንዳፈረም ማንም አልጠየቀው።

ከጎኑ ያለችው «ባለቤቱ» ትላለች፤
ስም የላት፣ ዓመት የላት፣ እንዲያው ከጎኑ አለች።
«በእናትም በኩል እንዳትዘል» ብለውኝ ነበር እትዬ አንጓች።
በደብተሬ ላይ «ባለቤቱ» ብዬ ጻፍሁ። ምን ልበል?
ይህም መዝለል ነው እንጂ መቁጠር አይባል።

ሦስተኛው ቸኮል ነው። ቸኮልን ፍለጋ
ከወይራው እስከ ግንቡ፣ ከግንቡ እስከ ቀጋ
ሦስቴ ዞርሁ።
ቄሰ ገበዝ ይትባረክ መቋሚያቸውን ተደግፈው እያዩኝ ቆዩና፣
«ምነው ልጄ፣ ቸኩለህ ቸኮልን አለፍኸው፤ እስቲ ተመለስና
ይኸን ጥቁሩን እየው።»

ድንጋዩ ግን «ገብረ ሕይወት» ይላል።
«ቸኮል የገበያ ስሙ ነው፤ እዚህ በክርስትናው ይጠራል።»
ጫማውን በደጀ ሰላም አውልቆ እንደሚገባ ሰው
ቸኮልነቱን ደጅ ጥሎት ነው የገባው።
አሁን አይቸኩልም። ደረቱ ላይ እንሽላሊት ፀሐይ ትሞቃለች።

አራተኛው ፊደል የለው፤ አንድ ጭረት ብቻ፣ መስቀል።
አምስተኛውን የሾላ ሥር እሽኮኮ ብሎታል፤
መሬቱን ረስቶ ከጉልበቴ በላይ ይንጠለጠላል።
«የኔ መሆኑን በምን አወቁ?» ብዬ ብጠይቅ ቄሰ ገበዙን፣
«አባቴ ነግሮኝ፣ አባቱ ነግሮት። የኛ ደብተር ይኸ ነው»
ብለው ነኩ ጆሯቸውን።

«ስድስተኛውስ?»

በመቋሚያቸው ቁልቁል አሳዩኝ፣ ወደ ባሕሩ።
ድሮ የመቃብሩ ዳር እዚያ ነበር አሉ፤
በየክረምቱ አንድ አንድ ክንድ ሄደ አፈሩ።
አሁን እምቦጭ ነው፤ ሐምራዊ አበባውን ነስንሶ
ስድስትና ሰባትን ባንድ ምንጣፍ አልብሶ
ይወዛወዛል።

ጫማዬን አውልቄ እስከ ጉልበቴ ገባሁ።
በእግሬ ጣት ድንጋይ ነካሁ፤
ለስላሳ፣ ድብልብል። የመቃብር ይሁን የባሕር አላወቅሁ።
«ይቅርታ» አልሁት፣ ለማንኛውም።

ማታ ወደቡ ላይ እናትነሽ ጠበቀችኝ፤
ከደሴቷ መምጣቷ ነው፤ የሷንም ደብተር ዘርግታ አሳየችኝ።
አምስት ስም፣ በቀይ። ከዚያ በታች ባንድ መስመር
«ቀሪው ውሃ ውስጥ ነው።» ሌላ የለም ነገር።

ስልኬ ጮኸ። እትዬ አንጓች ናቸው። «ሰባት ሞላ?»
ሱሪዬ አልደረቀም፤ እናትነሽ ዓይኗን ከውሃው አልነቀለችም።
«አምስት አግኝቻለሁ፣ እትዬ።»
«ሁለቱስ?»

ዝም አልሁ። ማዕበሉ ከወደቡ ድንጋይ ጋር ሲነጋገር
በመስመሩ ውስጥ የሰሙት መሰለኝ፤
«ምንድነው እሱ የሚንሿሿው?» አሉኝ።