ስንት ወንድም፣ ስንት እህት

ኦፋቂም፣ ባንክ ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ፤
ቁጥራችን መቶ ሦስት፣ የተጠራው ገና ሰማንያ፣
ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፤
እናቴ በነጠላዋ ጉልበቷን ሸፍና
ጣሪያው ላይ ያለውን ማሽን ትረግማለች፣
በሐምሌ ብርድ ያመርታልና።
እኔ አቃፊውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤
የሦስት ወር ደሞዝ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የመታወቂያ ቅጂ፣
ሁሉም አለ፣ አውቃለሁ፤
እጄ ግን አያምነኝም፣ ደግሜ እቆጥራለሁ።

ቤቱ ከከተማው ወዲያ ነው፣ ከስንዴው ማሳ ዳር፣
ሞሻቭ ውስጥ፤ ግድግዳው ጨው የበላው፣
ሁለት የሎሚ ዛፍ፣ አንድ የተሰነጠቀ በር።
ባለቤቱ አርጅቷል፣ ልጆቹ ቴል አቪቭ ገብተዋል፣
«ውሰዱት» ይለናል፣
ዋጋው ላይ ሲደርስ ግን ጆሮው ይደነቁራል።

መንግሥት «ዳር አገር ለሚኖር እደግፋለሁ» ብሎ
ዝርዝር አውጥቷል፣ መንደር በመንደር፣ ስም በስም።
ከአስፋልቱ ወዲህና ወዲያ አንድ አፈር ነው፣ አንድ ነፋስ፤
ግራው ይገባል፣ ቀኙ አይገባም።
የኛ ቤት ግራ ነው።
ሚስቴ ወርቂቱ ወረቀቱን አይታ፣
«ዕድሜ ልካችንን ግራ ሲገባን ኖረን
ዛሬ ገና ግራው ለኛ ገባልን» አለች፣
ሆዷን ይዛ ስቃ።

ከዚያ ደግሞ ነጥቡ።
በትዳር ለቆየህበት ነጥብ፣ ለልጆችህ ነጥብ።
እኛ ሦስት ወልደናል፤ ብድሩም ይወልዳል፣
የሱ ልጅ ወለድ ይባላል፤
የኛዎቹ ሲታመሙ ያድራሉ፣
እሱ አንድ ቀን ጉንፋን ሳይዘው በየወሩ ያድጋል።

መቶ ሦስት።
ላሪሳ ትባላለች፣ ደረቷ ላይ ተጽፏል፤
እሷም መጤ ናት፣ ዕብራይስጧ እንደናቴ
ከሌላ አገር አፍ ተበድሯል።
በአንድ ጣት እየጻፈች፣
«ስንት ወንድም፣ ስንት እህት?» አለችኝ፤
አፌን ሳልከፍት እናቴ፣
አርባ ዓመት ሙሉ «ዕብራይስጥ አልሰማም» ያለችው፣
«ሼቫ» አለች።
ሰባት።
ጥርት አድርጋ።

ላሪሳ ስክሪኑን አየች። «አምስት ነው የሚለኝ።
የሁለቱን የመታወቂያ ቁጥር?»

ቁጥር።
ሱዳን፣ ከገዳሪፍ ወዲያ፣ መጠለያው ጫፍ፣
ለእህል ተሰለፉ እንጂ ቁጥር ማን ሰጣቸው?
ቢያድግልኝ አራት ዓመቱ፣ አትጠገብ ጡት ያልጣለች፤
በአንድ ሳምንት ኩፍኝ ነው የወሰዳቸው።
እኔ አባቴ ትከሻ ላይ ነበርሁ አሉ፤
አላስታውሳቸው።
ቤታችን ውስጥ እንኳ ጮክ ብሎ ማንም አይጠራቸው።

እንዴት ብዬ ልተርጉመው?
«የሉም» አልኋት። «በመንገድ ላይ ቀርተዋል።»
ላሪሳ መነጽሯን አወለቀች፤
ለስላሳ ነበር ድምፅዋ፦
«ለውጥ የለውም። ከአራት በላይ ነጥቡ አይጨምርም፣
አምስትም ሰባትም እኩል ነው።»
ለናቴ ነገርኋት።
«ነጥቡን ማን ጠየቃት?» አለች። «ጻፊያቸው በላት።»

ላሪሳ ስክሪኑን ትታ
ከመሳቢያ ቢጫ ብጣሽ አወጣች፣ እርሳስም፤
«አትጠገብ በአሌፍ ነው በዓይን?» አለችኝ፣
እኔም አላወቅሁም።
«በፈለገችው ፊደል» አለች እናቴ፣
አንዱንም የማታነበው፤
እጇን ግን እስከ መጨረሻዋ ጭረት ተከተለችው።

ሃያ ስምንት ዓመት። በየወሩ፣ በአሥረኛው ቀን።
ማጽደቂያው ታተመ፣ ትኩስ ነበር ወረቀቱ።
«ሁለት ዋስ ይቀራል» አለች ላሪሳ ቆማ፣
«ቀርበው የሚፈርሙ።»
እናቴ ቢጫዋን ብጣሽ አየች፣
ከአቃፊው ጥግ ላይ ተለጥፋ፤
ምንም አላለችም።

ውጭ ሙቀቱ እንደ በሬ ገፋን።
አውቶቡሱ ዘገየ።
እናቴ ጣቢያው ጥላ ሥር፣ ቦርሳዋን ታቅፋ፣
«ከሁለቱ ሎሚ» አለች፣ «የሚያፈራው የትኛው ነው?»
አልጠየቅሁም ነበር፤
ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኋት።