የቧንቧው ርዝመት

ኮምቦልቻ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከቦርከና ድልድይ ማዶ፣
አባቴ ጎሚስታ ነበር፤ እንጀራችን ጎማና ዳዶ።
ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ፣ ጎማው ፈንድቶ፣ በጠራራ፣
ደጃችን ላይ ተንበረከከ፣ እንደ ግመል እያጓራ።
ሾፌሩ ደንዳና ሰው ነው፤ ኪያቤውን ረገጠው፣
ቆመበት፣ ዘለለበት፤ ላቡ ብቻ አሰመጠው።
ዳዶው ወይ ፍንክች!

አባቴ ሙሔ፣ ቀጭኑ፣ ደረቱን ሳል የበላው፣
ከጓሮ አሮጌ ቧንቧ አምጥቶ፣ ኪያቤው እጀታ ላይ ሰካው።
ጫፉን፣ እንደ በር መዝጊያ፣ ባንድ እጁ ይዞ ተጫነው፤
ጢቅ! አለ ዳዶው። ሾፌሩ፣ «አባቴ፣ ድግምትዎ ምንድነው?»
መልስ የለም። ወደኔ ዞሮ ቧንቧውን አቀበለኝ፤
«ከዳዶው ራቅ ብለሽ ያዢው» ብቻ ነው ያለኝ።

ደሴ፣ ጦሳ ግርጌ፣ ጭጋጉ ክፍል ገብቶ ሲማር፣
መምህርት ስመኝ ዳስተሩን አሰረችው ከሲባጎ ዳር።
አናቷ ላይ ስታሽከረክረው፣ የጠመኔው ብናኝ፣
ከፊት ወንበር ላለሁት ያለዕድሜ ሽበት ሰጠኝ።
«ክሩ ቢበጠስ» አለችን፣ «ወዴት ነው የሚሄደው?»
ሁላችንም ባንድ አፍ፦ «ወደ ውጭ! መሀሉን ጥሎ ነው የሚሰደደው!»
ሲባጎው አሮጌ ነበርና፣ መልሱን ሳትነግረን ቀደማት፤
በር ላይ የቆመችውን ፀሐፊ፣ ዳስተሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ መታት።
እስካሁን ያስቀኛል። ግን ያን ቀን ገባኝ ነገሩ፦
ዳስተር ቀጥታ ነው የሚወድ፤ የሚያዞረው ክሩ።

አርብ ማታ ሐረጎን ስንወርድ፣ ያ ክፉ ኩርባ ሲመጣ፣
ሚኒባሱ ታጠፈ፤ ሽንኩርት ከወንበር ሥር ተንከባሎ ወጣ።
ጎኔ ያሉት አሮጊት ተደገፉኝ፣ ከነዘንቢላቸው፤
«ያረቢ! ማነው የሚገፋኝ?» ዘወር አሉ፣ ማንም የለ ከኋላቸው።
«እማማ፣ የገፋዎት የለም» ልላቸው ብዬ አፈርኩ፤
«እርስዎ ቀጥ አሉ፣ መኪናው ታጠፈ» በሆዴ ተናገርኩ።

ታዲያ የኛ ክር የት ነው? ገደል ለገደል ስንዞር፣
በየትኛው ሲባጎ ነው ሚኒባሱ የሚታሰር?
ከታች ነው። አራት ጎማ፣ እንደ አራት መዳፍ፣
አስፋልቱን ጨብጠው ይዘው፣ በያንዳንዱ ኩርባ ጫፍ።
ቀኝ የፊቱን አውቀዋለሁ፤ ማክሰኞ ነው የለጠፈው፣
አባቴ፣ ቫልቩን በምራቁ ፈትኖ፣ አረፋ ሲያጣ ያሳለፈው።

ፈተናው መጣ። ተራ ቁጥር አንድ፦ መቶ ኒውተን፣ ግማሽ ሜትር፤
አባዛሁ፣ ሃምሳ አልኩ፣ ቧንቧው በዓይኔ ላይ ሲዞር።
ተራ ቁጥር አራት፦ «ኩርባ ላይ መኪና ከመንገድ እንዳይወጣ፣
ወደ መሀል የሚስበው ኃይል ስሙ ማነው? ከየት መጣ?»
«ሙሔ» ብዬ ጻፍኩ። ደነገጥኩ። ሰረዝኩት፤ ከላዩ «ሰበቃ»።
ወረቀቱ ሲመለስ ልክ ነው፤ ማርኩም ሙሉ፣ የሚበቃ።
ግን የሰረዝኩትን ስም በቀይ እስክሪብቶ ከብባዋለች፤
ክብ፣ ዙሪያው የተዘጋ። ምንም ቃል አልጨመረች።

ዘንድሮ ጠናበት ሳሉ፤ ወንበር ከደጅ አወጣለታለሁ፣
ኪያቤው ወደኔ ዞሯል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳዶ እፈታለሁ።
ሾፌሮቹ ሴት መሆኔን ሲያዩ፣ እጅ አጣጥፈው ይስቃሉ፤
ቧንቧውን ስሰካ ዝም። ጢቅ ሲል፣ ሌላ ቦታ ያያሉ።
ትናንት አንዱ ግን እምቢ አለ። ተንጠለጠልኩ፤ ጫማዬ ከመሬት ተነሳ፤
አርባ ስምንት ኪሎ፣ እኔ፤ ዳዶው ዝም፣ እንደ ሬሳ።
ከደጅ፣ ከሳሉ መሀል፣ ድምፁ መጣ፤ ቀጠነ፤
ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፣
«ራቅ ብለሽ፣ ልጄ። እጅሽ ወደ ውስጥ ሆነ።»

አየሁት። ስታገል፣ ሳላውቀው፣ ወደ ዳዶው ተጠግቻለሁ።

አንድ ስንዝር ወደ ጫፉ።