ድርብ ስድስት

መቶ ስልሳ ሁለት ደረጃ ወጥቼ፣
ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቺአቬ ይዤ መጥቼ።
አሳንሰሩ ቆሟል፣ ዓመት አልፎታል፤
የቫልፓራይዞ ኮረብታም ጠጋኝ ይጠብቃል።

ወይዘሮ ኤድቪሂስ በሩን ከፍታ ጠበቀች፤
"ስትዞር ትጮሃለች፣ እንደ ባቡር ሆነች።
ትናንትና ማታ ከጥጓ ተነሥታ፣
ስትንቀጠቀጥ ሄዳ ቆመች በሩን ዘግታ።"

ጆሮዬን ለጥፌ ከበሮዋን ሳዞር፣
አሸዋ እንደሚፈጭ የሚያንቋርር ነገር።
ኩሽኔታዋ አልቋል፣ ውሃ ገብቶበታል፤
ጎማዋ ተቀዷል፣ ዘንጓን ዝገት በልቶታል።

እሷም ከመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈችው፤
"ማሠሪያው ሰማንያ አምስት ሺህ" ብላ አሰመረችው።
"አዲሷ ሁለት መቶ ሠላሳ ሺህ ፔሶ።
ተሸካሚው ደግሞ፣ ደረጃውን ጠቅሶ፣
ሃምሳ ሺህ ይለኛል፣ አቀበት አልቅሶ።
አሮጊቷን ማውረድ ሌላ ሃያ ሺህ ነው፤
ሞታም አታርፍም፣ ቀብሯም ዋጋ አለው።
ቢሆንም ትቀየር። ሃያ ዓመት ሠራች፤
እኔም ብሆን፣" አለች፣ "ደከመኝ እል ነበር" አለችና ሳቀች።

አቶ ኒባልዶ ከወንበሩ፣ ጋዜጣ እንደ ጋረደው፣
"ትጠገን" አለ ብቻ። ፔሶን እንደ ነፍሱ ነው የሚወደው።

"እውነቱን ንገረኝ፣" አለችኝ፣ "ያንተ ብትሆንስ?"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ስጠየቅ፣
አንድ ቀን አልመለስሁም ሳልሳቀቅ።
የኔዋ ከቆመች ይኸው ሦስተኛ ወር፤
ሮሳልባ በእጇ ታጥባለች፣ ሳትናገር።
ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች፣ ዐውቃለሁ፤
ለሰው ቤት ሐኪም ነኝ፣ ለቤቴ ቀጠሮ እሰጣለሁ።
"አሠሪያት" ብላት ለኪሴ ነው፤ "ለውጫት" ብላት ለእውነት፤
መልሱን ለማቆየት ብዬ ብሎን ፈታሁ በጉልበት።

የፓምፑ ፊልትሮ ሲከፈት ዝቃጩ እግሬ ላይ ፈሰሰ፤
ሁለት ሳንቲም፣ የጸጉር ሽቦ፣ የልጅ ካልሲ የበሰበሰ፤
ከዚያ አንድ ነገር ዱብ አለ፣ ጥቁር፣ ሙልጭልጭ ያለ፤
በሸሚዜ ጫፍ ስጠርገው አሥራ ሁለት ዐይን አበቀለ።

ዶሚኖ። ድርብ ስድስት።

ቤቱ ጭጭ።
ጋዜጣው ዝቅ።

"ዘጠኝ ዓመት!" አለች። "ዘጠኝ ዓመት፣ ኒባልዶ!
ባውዲሊዮን ሌባ ብለኸው፣ ሰውዬው በሰው ፊት ተዋርዶ፣
የልጁን ሠርግ ሳንበላ፣ ሚስቱን እንኳ ሳንቀብራት፣
ለካ ከሸሚዝህ ኪስ ኖራ፣ በገዛ እጄ አጥቤያት!"

አቶ ኒባልዶ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ቅድም ጥገና ያለው ሰው አሁን አዲስ ፈለገ።
"ትውጣ ይች ኮተት! ተሸካሚ ጥሪ፣ ከፋዩም እኔ ነኝ፤
ከዛሬ ወዲያ በዚህ ቤት ድምጿን አልስማ፣ በቃኝ።"

እሷ ግን እጇን ከክዳኗ ጫነች፣ ምስክር እንደሚያስምል ዳኛ፤
"ኩሽኔታዋን አምጣ፣ አንተ ሰው። ትጠገን፣ ትኑር ከኛ።
ጩኸቷን ግን" አለች ቀስ ብላ፣ "ጨርሰህ እንዳታጠፋ፤
ትንሽ ትተውላት አደራ፣ እሱ ቁጭ ባለበት እንድታንኮራፋ።"

ሒሳቡ ከወለሉ ውሃ ላይ ወድቆ ቀለሙ ይፈሳል፤
ማንም አላነሣውም።

ዓርብ ዕቃው ከሳንትያጎ ደረሰ። ሰማንያ ሦስተኛው ደረጃ ላይ
አቶ ኒባልዶን አገኘሁት፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣
ከባውዲሊዮ ደጅ ቆሞ፣ እንደ ቀጪ ተማሪ ደንዝዞ።
አላንኳኳም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያሥራል፤ ጫማው ግን ማሠሪያ የለውም።
ኪሱ አብጧል። ሰላም ብዬው አለፍሁ፤ ምንም አልጠየቅሁትም።

ስሠራ መሸ። ስወርድ ከደጁ ሰው የለም፤
በመስኮቱ ብርሃን አለ፤ ድምፅ ግን አልሰማሁም።

ለራሴም አንድ ኩሽኔታ ገዝቻለሁ፤ ከቦርሳዬ ታች፣ በወረቀት እንደ ተጠቀለለ።
እሑድ፣ እላለሁ ለሮሳልባ።
እሑድ።