ግማሽ ጎማ

ሳኺር ላይ፣ በሌሊት፣ አራተኛው ኩርባ፣
ባንዲራዬን ይዤ፣ ከግንቡ አጥር ጀርባ፣
ቆሜ ነበርና፣ ያየሁትን ልናገር፤
ከሳሽ አይደለሁም፣ እኔ ነኝ ምስክር።

ዱዓይጅ ከፊት ነው፣ በነጯ መኪና፤
አባቱ ለዒድ ነው የገዙለት፤ ገና
የፋብሪካ ሽታዋ አልለቀቃትም።
ናቪን ከኋላው ነው፤ የጋራዥ ልጅ፣ ሠሪ፤
በተበደረው ሞተር፣ በተጠገነ መሪ
ስምንት ዙር አባረራት፣ አልደረሰባትም።

በዘጠነኛው ዙር ነፋስ ተነሣ።
ዱዓይጅ ፈራ መሰል፣ ቀደም ብሎ ፍሬን ያዘ፤
ናቪን ግን አልያዘም፤ በውስጥ በኩል ተጓዘ።
አፍንጫውን ሰደደ፣ ሊዘጋ በቀረበ በር
ሾልኮ እንደሚገባ ድመት። ግማሽ ጎማ ነበር
ጎን ለጎን የደረሰው፤ ግማሽ፣ ከዚያ አይበልጥም።
ነጯ ታጠፈች፤ ጥቁሯም ወደ ኋላ አላለችም።

ሰው ግጭት ሲባል ነጎድጓድ ይመስለዋል፤
በእኔ ጆሮ ግን ትሪ ወድቆ ይንከባለላል።
አንዲት ጎማ ብቻዋን ሄደች፣ ረጋ ብላ፣
ጌታዋ እንደ ሞተባት በቅሎ፣ ጠጠሩን ተከትላ።
ልጆቹ ደኅና ወጡ። የራስ ቁር ሳያወልቁ
በአየር ላይ መንገድ እየሣሉ ተጨቃጨቁ።

*

ዳኞቹ ሦስት ናቸው፣ ቢሯቸው ኮንቴይነር።
ዋርካ የለም ሳኺር፤ ሙግቱ ግን ያው ነበር፤
በላ ልበልሃ ነው፣ ፈረንጅኛ ቢሆን ቃሉ።
ዱዓይጅ፦ «ኩርባው የእኔ ነው፤ ከኋላ ያሉ
ይጠብቁ እንጂ!» አለ። ናቪን፦ «መስታወት አለው፣
ቦታ ቢተውልኝ ማን ነው የከለከለው?»
ፊልሙን መለሱት። አቆሙት። ደግሞ መለሱት።
በዝግታ ሲያዩት ነገር ሁሉ ሆን ተብሎ
የተሠራ ይመስላል፤ ማስነጠስ እንኳ
ሲዶልት አድሮ፣ ሲዶልት ውሎ።

እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ከሚሌ እስከ ጋላፊ፣
ተሳቢ ጎትቻለሁ። እዚያ ደርቦ አላፊ
ፍሬቻ ይጠብቃል። ከፊት ያለው ሹፌር
መንገዱ ሲገለጥለት፣ ቀኝ ያበራል፦ «እለፍ፣ በር
ክፍት ነው።» ሁለቴ ጡሩንባ፣ ምስጋና ነው፤
ስሙን እንኳ አታውቀውም።
እዚህ ፍሬቻ የለም። ቢኖርም ማንም አያበራውም።

«አንተስ ምን አየህ?» አለኝ መካከለኛው ዳኛ።
«ግማሽ ጎማ» አልኩት፣ በተሰባበረ ዐረብኛ።
ጻፉት። አመሰገኑኝ። ለዱዓይጅ ተግሣጽ፤
ለናቪን በመጪው ውድድር ሦስት ቦታ ወደ ኋላ፤
ተፈረመ ገጽ በገጽ።

*

ያልጠየቁኝን አልተናገርኩም።

ነፋሱ ሲነሣ አስፋልቱ አሸዋ ለብሶ ነበር።
ካሜራ አሸዋ አያሳይም፤ በዚያ ሁሉ መብራት ሥር
ሁሉም ነገር ያበራል።
ለዚህ የተሠራች ባንዲራ አለችኝ፣ ብጫ፣ ቀይ ሽንትር ያለባት፤
«መንገዱ ያንሸራትታል» ማለት ናት።
ብድግ አድርጌ ላሳያት ስል፣ ዐይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ።
አሸሁት። ሁለት ቅጽበት።
ሁለት ብቻ።

ዱዓይጅ ፍሬን የያዘው ፈርቶ አልነበረም፤
አሸዋውን አይቶ ነው። ናቪን ከኋላው ሆኖ አላየም፤
ማንም አላሳየውም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገሬ ሰው።
ሥሩ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ከኮንቴይነሩ ወጣ፤
እየቆረቆረኝ እስከ ካምፑ አውቶቡስ መጣ።
አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አራገፍኩት፤
አንድ እፍኝ እንኳ አይሞላም።