ከምሰሶው ጀርባ

ሆደን ከቀፊራ፣ ሱቋን ዘግታ መጣች፤
ስልኳን ከሻሽ ጫፏ፣ ፈትታ እያወጣች፦
«ሰባት ሺህ ሁለት መቶ፣ ከእኔ ሄዷል ወጥቶ፤
ጅግጅጋ አልደረሰም፣ ቀረ መንገድ ስቶ።»

መስኮት ሦስት ላይ እኔ፣ ኪቦርድ ደበደብኩ፤
«ሲስተም ነው፤ ነገ ነይ» ብዬ አሰናበትኩ።
ስድስት ነገ ሰጠኋት፣ ፈገግታ ሳላጣ፤
ነገ ነው ከዚህ ባንክ፣ ያለ ዋስ የሚወጣ።

«ደቻቱ ዳር አደግኩ» አለችኝ በቀስታ፤
«ጎርፍ ቤት ሲወስድ አየሁ፣ ሳይወርድ ጠብታ።
‹እዚህ አልዘነበም› ይሉናል ሲነጋ፤
ዘንቦ ነው እንጂ ላይ፣ ከማናየው ደጋ።
የእኔስ ብር፣ የት ዘንቦበት ነው?»

ከዚያ ወደ ምሰሶው፣ ጣቷን ቀሰረች፤
«ያ ወረቀት ምን ይላል? ጮክ በልና» አለች።
ከምሰሶው ጀርባ፣ ከእሳት ማጥፊያው በላይ፣
ስምንት ዓመት ያለፍኩት፣ ዞር ብዬ ሳላይ።

አነበብኩ።
ደንበኛ የላከው ገንዘብ ሳይደርስ ቢቀር
ቅሬታው በጽሑፍ ይመዝገብ፣ ቁጥር ይሰጠው፣
መልስ የሚያገኝበት ቀን ይቆረጥለት፤
ጥፋቱ የባንኩ ከሆነ፣ ባንኩ ይክፈል።

«ባንኩ» ላይ ስደርስ፣ ድምፄ ሰለለ፤
ከኋላ ባጃጅ ነጂ፣ «እስቲ ድገመው» አለ።
ደገምኩት።

ቅጹን አቧራ አራግፌ፣ ከመሳቢያ አወጣሁ፤
ቀኑን ጠየቅኳት፣ ሰዓቱን፤ ማኅተም መታሁ።
የዓመቱ ተራ ቁጥር፦ አንድ።
ጳጉሜ ሊገባ ነው።

ብሯ ገና አልተመለሰም።
ሰልፉ ግን እኔን ትቶ
ወደ ምሰሶው ዞረ።