አራት በስድስት

አራት በስድስት ነው፣ ለኔ የደረሰኝ፣
ከአዌቱ ዳር ቦታ፣ እጣ ያወረሰኝ።
ቀበሌ ሲያካፍል፣ ካስማውን ቸከለ፣
ሲባጎ ወጥሮ፣ ያንዱን ካንዱ ከለለ።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር፣
ማመልከቻ ጻፍኩኝ፣ ስለ ሰው ድንበር።
«አመልካች እገሌ፣ ተጠሪ እገሊት፣
ሁለት ክንድ ገፋችኝ፣ በጨለማ ሌሊት፣»
ገጹን በአምስት ብር፣ ካርቦኑን በነጻ፤
እጄ ከቀለሙ፣ እስካሁን አልነጻ።
አሁን ግን አፈሩ፣ ቀለሙን ተክቶ፣
ከጥፍሬ ሥር ያድራል፣ እንደ ሰው ተኝቶ።

በመጀመሪያው ዙር፣ ካሮት ነበር ያልሁት፤
ሱሪ እንደለበሰ ሰው፣ ባለ እግር ነቀልሁት።
ቆስጣውን ቀንድ አውጣ፣ ሌሊት ወንፊት አርጎት፣
ጠዋት ብርሃን ሲያፈስ፣ ቆሜ አየሁት።
ጦጣዋ ከዋርካው፣ ቁልቁል ትቆጥራለች፤
በቆሎ ሳይደርስ፣ ቀኑን ታውቀዋለች።

ነጂባ አባ ኦሊ፣ ከገመዱ ማዶ፣
ጎደሬ አላት፣ ቃሪያ፣ የችግኝ አቮካዶ።
የሆስፒታል አንሶላ፣ ስታጥብ ያረጀች፣
በዓመት ውስጥ ለኔ፣ ሦስት ቃል ተናገረች፦
«አደሩ?»
«ዘነበ።»
«ዶማዎ ዶልዱሟል።»
እውነቷን ነው፤ የኔም፣ ስለቴ ተዳክሟል።

ሐሙስ ከሄርማታ፣ ዘሩን ገዝቼ፣
በሰኔ መባቻ፣ ከጥግ ዘርቼ፣
የረሳሁት ዱባ፣
ከሲባጎው በታች፣ ሹልክ ብሎ ገባ።
በቀጭን ጣት ይዞ፣ የጎደሬዋን ግንድ፣
ገፋ ወደ ውስጥ፣ መጀመሪያ አንድ ክንድ፣
ቀጥሎ ሁለት ክንድ።
አበባው ረገፈ፤
ፍሬ ያዘ፣ እሷ ዘንድ።

ይህን ክስ አውቃለሁ፣ መቶ ጊዜ ጽፌ፤
ተከሳሽ እኔ ስሆን፣ ተያዘብኝ አፌ።
«አመልካች ነጂባ፣ ተጠሪ ዘለቀ፣»
እያልኩ በልቤ ስጽፍ፣ ሌሊቱ አለቀ።

እሷ ምንም አላለች።
እርጥቡ እንዳይጎዳው፣
ደረቅ የሙዝ ቅጠል፣ እንደ አንሶላ አጥፋ፣
አደረገች መከዳው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አዌቱ ሞላ።
ሌሊት ነው፤ ማንም አላየውም።
ጠዋት ስንደርስ ካስማ የለም፣ ሲባጎ የለም፤
የአስራ አንዳችን ቦታ አንድ ጭቃ ሆኖ፣
አንድ እግር የሕፃን ጫማ፣ ባዶ ሃይላንድ፣
የባጃጅ መቀመጫ ተሸክሞ ተኝቷል።
ሊቀመንበሩ ሜትር ይዞ መጣ።
«ከየት ልጀምር?» አለ።
ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ፣
ድንበር አዋቂውን፣ የአንቀጽ አባት።
ጭቃውን አየሁት።
ሜትሩን አየሁት።
ከየት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር።

የቀረው ያ ዱባ ነው፤
በቀጭን ጣቱ ጎደሬዋን እንደጨበጠ፣
ጎደሬዋም መሬቱን።

«ቢላ አለዎት?» አለችኝ ነጂባ።
አራተኛ ቃሏ።
እርሳስ የምቀርጽበትን ሰንጢ ከኪሴ አወጣሁ፤
ከጡረታ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም፤
ዝገቱ እንቢ አለ፤ በጥርሷ ከፈተችው።
ቁርጡ እኩል አልነበረም። ማንም አልለካውም።
ሊቀመንበሩ እንኳ ሜትሩን ብብቱ ሸጉጦ፣
ጭቃ በነካው መዳፉ ተቀበለ።
ዘሩን እሷ በመሐረቧ ቋጠረች፤
«ለሁላችን» አላለችም፣ «ለኔ»ም አላለች።

መስከረም ሲጠባ፣ ውሃው ያንከራተተው፣
ከካሮቴ መሀል፣ ቃሪያዋን አየሁት።
አረም ነው ብዬ ልነቅል፣
ጎነበስኩ፣
ተውኩት።

አዲስ ሲባጎ መጥቷል፤ ካስማ ግን አልተመታ፤
ነጂባ ቲማቲሟን፣ ደገፈችበታ።
እኔም ዶማዬን ሳልኩ።