ደፍ

ሚሽረፍ፣ ብሎክ አራት፣ ከዲዋኒያው በር፣
ጫማዬን አውልቄ ደፉን ስሻገር፣
እጇን በሻርፗ እያደረቀች ዘምዘም ወጣች ከጓዳ።
"ያውልህ" አለችኝ በአገጯ፣ "ያ ነው የማዳም ዕዳ፤
ፊልሙ ሲጨልም ጥላ ያወጣል፣
በሆምጣጤ ጠርጌው ነበር፤ እሱ መች ይለቃል!"

ሰባ ሰባት ኢንች። ነጭ ሳበራበት ምንም አልነበረው፣
ለኢድ እንደተተኮሰ ጀለቢያ ዓይን የሚያጥበረብረው።
ቀነስኩት። ግራጫ። ከመቶ አምስት እጅ፣
ሌሊትም ያልሆነ፣ ቀንም ያልሆነ፣ ጎህ ሳይቀድ ያለ ደጅ።
ያኔ ወጣ ማዲያቱ፣ ከጉንጩ አልፎ አገጩ ላይ፣
የኳስ ጣቢያው አርማ ደግሞ ተነቅሶ ከላይ።
እንከን በብዙ ብርሃን አይታይም። ይህን ሥራው ነው ያስተማረኝ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች። ቁጭ ብዬ አስረዳኋት፤
ስምንት ሚሊዮን ነጥብ አለ፣ እያንዳንዷ በር አላት፣
በሩ ላይ በረኛ፣ ከጸጉር የቀጠነ፣ ትራንዚስተር ይሉታል፣
ለሁሉም አንድ ዓይነት ቮልቴጅ፣ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ይሄዳል።
ደፋቸው ግን እኩል አይደለም።
ከፋብሪካ ሲወጡም አልነበረም፤ ሲሠሩ ሲውሉ ደግሞ
ያንዱ ደፍ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ በሥራ ብዛት ታሞ።
ከተሰጠው ግማሹን ደፉን ለመሻገር ይከፍላል፣
በቀረችው ያበራል፤ ያየ ሰው "ሰነፈ" ይላል።

ጣት ሁሉ እኩል አይደለም፣ ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤
ቀለበት ሠሪው ግን ይለካል። እኔም ለዚሁ ተቀጥሬያለሁ።

"መድኃኒቱስ?"
                መድኃኒቱ ሌሊት ነው፤ ቤቱ ተኝቶ ሁሉ ሲጠፋ፣
ከታች ቀይዋ መብራት ብቻ ስትቀር ሳታንቀላፋ፣
ቴሌቪዥኑ ለራሱ ይነሳል፣ ኮሽታ ሳያሰማ፣
በረኞቹን ተራ በተራ ይጠይቃል በጨለማ፦
ደፍህ የት ደረሰ? ዛሬስ ምን ያህል ደከምክ?
መልሱን ይጽፋል። በነጋታው ትእዛዙን ሲልክ፣
ለደከመው እንደ ደግ ነጋዴ ምራቂ ጣል ያደርግለታል፣
ላልደከመው ልኩን፤ ያኔ ፊቱ አንድ ወጥ ይሆናል።

የማሽኑን መዝገብ ከፈትኩ።
የበራበት፦ ዘጠኝ ሺህ ሰዓት። የተጠየቀበት፦ ዜሮ።
"ሶኬቱን ማነው የሚነቅለው?"
"እኔ። የወንድሟ ቤት በኤሌክትሪክ ነደደ አምና፣ እስከ ጣሪያው፣ እስከ ጓሮ፤
ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሁሉም ይነቀል አለች።
እንግዳ ሲሸኝ፣ ብርጭቆ አጥቤ፣ ስምንት ሰዓት ላይ እነቅላለሁ፣
የልጆቹን ምሳ ልቋጥር ስነሳ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሰካለሁ።"

ሂሳቡን በጣቴ ሠራሁት፤ አፌን ግን ዘጋሁ።

"ስንት ሰዓት ይበቃዋል?"
"አንድ። ማንም ሳይነካው። ማንም ሳይጠራው።"
"ማንም?" ብላ ሳቀች፣ አፏን በሻርፗ ከልላ።

ሶኬቱ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ በዐረብኛም በአማርኛም፦ አይነቀል።
ማዳም አሥር ዲናር ቆጠረች። "ይመለሳል?" አለችኝ።
"ሌሊት ሌሊት ከተጠየቀ አይመለስም።"
ወደ ሐወሊ ነዳሁ። ሱቃችን ውስጥ እኔና ግብፃዊው ሻዝሊ
በአንድ ካቻቪቴ እንሠራለን፤ ደመወዛችንን የሚለካው ፓስፖርት ነው።
ይህን ለማንም አላስረዳሁም።

በሳምንቱ ስልኬ ላይ ፎቶ መጣ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ግራጫ ሰማይ ላይ የቆመ ፊልም፣ ምንም ጥላ የሌለበት፤
"ማዲያቱ ለቀቀ" ይላል ከሥሩ።
አጎላሁት፤ ሙያ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ልፈትሽ ብዬ።
መስተዋቱ ውስጥ ስልክ የያዘች እጅ፣
ሻርፕ፣
ፊት፣
ጥላውም እዚያ፣ ከጉንጯ አልፎ አገጯ ላይ።